ፊልሙ በብር፣ ድካሙ በቀን

ባለፈው ወር መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ የቤት ሥራ ጻፈልን፤ «ለትርፍ ለማይሠራ ደንበኛ የአገልግሎት ዋጋ እንዴት ይተመናል? ከምታውቁት ሥራ ምሳሌ ስጡ።» እኔ ሞጣ ውስጥ የማታ ትምህርት የጀመርኩ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ ከመምህራችን እናት ዕድሜ እንደሚበልጥ የነገረኝ ራሱ መምህራችን ነው፤ ሲነግረኝም አፍሮ ነበር። ሁልጊዜ ከፊት እቀመጣለሁ። ያለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ቤቴ ስገባ ደግሞ በንጹሕ እገለብጠዋለሁ። ምሳሌ ስጡ ሲለን ግን እጄ አልታዘዘኝም። ምሳሌ አጥቼ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ቢቸና ሳለሁ፣ ጉልበቴ ገና ሳይዝል፣ ፎቶ ቤቴን ሊያዘጋኝ የደረሰው ይኸው ጥያቄ ነበር።

ፎቶ ቤቴ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሻይ ቤት መካከል የተጣበቀች የጭቃ ቤት ነበረች። ሁለት ክፍል አላት። ፊተኛው ማንሻ ክፍል ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ፣ ከጀልባው በላይ አውሮፕላን የተሣለበት አቡጄዲ ተሰቅሏል። ሠዓሊው ለአውሮፕላኑ አንድ ክንፍ ብቻ ነው የሣለለት፤ ስጠይቀው «ሌላው ከወዲያ በኩል ነው» አለኝ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ኮትና አንዴ ታስሮ የቀረ ቀይ ክራባት ይንጠለጠላሉ። ከገጠር የመጣ ሰው ጋቢውን አስቀምጦ በአረንጓዴ ካኪ ቁምጣው ላይ ኮቱን ይደርባል፤ ጉርድ ፎቶ ስለሆነ ቁምጣው አይታይም። የዚያ አካባቢ የመታወቂያ ፎቶ ሁሉ በዚያ በአንድ ኮት የወጣ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሴቶቹ ሻሻቸውን ፈትተው ደግመው ያስራሉ፤ ኮንጎ ጫማቸውንም ይወለውላሉ። ጫማው ፎቶው ላይ እንደማይወጣ ስነግራቸው «እኔ አውቀዋለሁ» ይሉኛል። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ሦስት ጉርድ ፎቶ በሁለት ብር። ከሻይ ቤቱ ቴፕ የሚወጣው የማሲንቆ ዘፈን ግድግዳውን አልፎ ይመጣና ፊቱን የቋጠረውን ገበሬ ፈገግ ያሰኝልኛል። ካሴቱ ሲነካከስ ባለ ሻይ ቤቱ በእርሳስ ያጠነጥነዋል፤ እኔም እስኪያጠነጥን ማንሳቴን አቁሜ እጠብቀዋለሁ። አሁን ደንበኛ ሁሉ ቸኩሎ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ግን በአንድ ካሴት ምክንያት ሦስት አራት ሰው ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር። ኋለኛው ክፍል ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ነው። እዚያ ከቀይ አምፖል በቀር ብርሃን አይገባም፤ መግባት የለበትም ማለቴ ነው።

ችግሬ አፌ ነበር። ገበሬውን ሁለት ብር ለማስከፈል አላፍርም። «ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ነው፤ በረከት ይሁንሽ» የሚል ኮሚቴ ሲመጣ ግን ዋጋ የሚባለው ቃል ከአፌ አይወጣም። መስጊዱን የሚያሠሩት ሽማግሌዎች «ለአኼራሽ ይሁንሽ» ይላሉ፤ የትምህርት ቤቱ ወላጆች «ለልጆች ነው» ይላሉ፤ እድሩም የራሱ አለው። ሁሉም መልካም ሰዎች ናቸው፤ የመጡትም ለመልካም ነገር ነው። ፊልሙን የምገዛው ግን እኔ ነኝ። ወረቀቱና ማጠቢያ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል በአውቶቡስ ይመጣል፤ ሾፌሩ ደግሞ በረከት አይቀበልም። አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና የኋላው ግድግዳ ተሰነጣጠቀ። በስንጥቁ ብርሃን እየገባ ወረቀቴን ያበላሸው ጀመር፤ የሰው ፊት አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይወጣል። ግድግዳውን የማስመርግበት አልነበረኝም። ባለቤቱም ክረምቱ ሲወጣ ቤቱን ለእህል ነጋዴ ሊያከራየው እንዳሰበ ነገረኝ። ፎቶ ቤቱን ከዘጋሁ የሚቀረኝ ወንድሜ ቤት ገብቼ የሰው እጅ ማየት ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የመናኸሪያው ረዳት በበሬ ብቅ ብሎ፣ «እትዬ እንጉዳይ፣ ደንበኞችሽን ሞጣ አድርሻቸው መጣሁ፤ ሁሉም ጥልፍ ቀሚስ በጥልፍ ቀሚስ ሆነዋል» ያለኝ። ደንበኞችሽ ያላቸው ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት በየቤታቸው የሚያሳድጉ፣ ጥጥ ፈትለው እየሸጡ ለልጆቹ የሚያውሉ የቢቸና ሴቶች ናቸው። ማኅበር አላቸው። እርዳታ ሲጠይቁ ከማመልከቻው ጋር የሚልኩት ፎቶ ስላስፈለጋቸው ከጥቂት ሳምንት በፊት አንስቻቸው ነበር፤ ያውም በነጻ። እነሱ ግን በደብረ ወርቅ አድርገው፣ አቧራውን ጠጥተው፣ ሞጣ ወርደው ለማላውቀው ፎቶ አንሺ ሙሉ ዋጋ ከፈሉ። የዚያን ዕለት እንደተናደድኩት ተናድጄ አላውቅም። በሬን ዘጋሁና ወደ ሊቀመንበሯ ወደ እማማ የሺ ቤት ሄድኩ። እማማ የሺ ከአንዲት የማኅበራቸው ሴት ጋር ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር።

«እማማ የሺ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው ቆሜ።

«መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«ሞጣ ድረስ ሄዳችሁ፣ ከፍላችሁ ተነሣችሁ አሉ። እኔ እኮ በነጻ ነው ያነሳኋችሁ።»

«እሱማ ነው ነገሩ» አሉና እንዝርታቸውን አስቀምጠው ገቡ። ሲወጡ እኔ ያነሳሁትን ፎቶ ይዘዋል። «በይ እይው። እዚህ መሐል የተቀመጠችው ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ዓይኗስ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሌሎቹ ሁሉ ዓይናቸውን አፍጥጠዋል። የእማማ የሺ ዓይን ግን ግጥም ብሏል።

«ይህን ብንልክላቸው ረጂዎቹ ምን ይላሉ? ሊቀመንበሯ ሞታባቸው አስደግፈው ነው ያስነሷት አይሉም?»

አጠገባቸው ያለችው ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። «እኔ እኮ ‹ድገሚን እንበላት› ብያችሁ ነበር።»

«ማን ይበላት? በነጻ የጎረሰ ሰው ጨው አነሰው ይላል?»

«ምነው ብትነግሩኝ! ያኔውኑ መልሼ አነሳችሁ ነበር» አልኩ።

«በየትኛው አፋችን? ሰው በገንዘቡ ሲሆን ይቆጣል፤ ‹አላማረኝም› ይላል፤ ያስደግማል። አንቺ በነጻ ስታነሺን አፋችንን ዘጋሽው። ሞጣ ስንሄድ ከፈልን፤ ሦስቴ አስደገምነው። ሰውየው እስኪመረው ድረስ አስደገምነው!»

ያን ጊዜ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ቀስ ብዬ፣ «እንግዲያው ስንት ልበላችሁ?» አልኳቸው።

«ወይ ጉድ! ሻጭ ነው ገዢን ዋጋ የሚጠይቀው?»

«ፊልሙንና ወረቀቱን ክፈሉኝ። ድካሜን ተዉት።»

እማማ የሺ ፊታቸው ተለወጠ። «ስሚ ልጄ፣ አንቺ የገበሬ ልጅ አይደለሽም? ወንፈል ታውቂ የለም ወይ?»

ወንፈል አውቃለሁ። ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርምልሃለሁ፤ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። ሒሳቡ ቀን በቀን ነው፤ ሀብታምና ድሃ እዚያ ላይ እኩል ነው።

«የወንፈሉን ቀን ‹አትመልሱልኝ› የሚል ሰው ሲመጣ ምን ይባላል?» አሉኝ።

«ንቆናል ይባላል።»

«እኮ!»

በእውነትም እንደዚያ ነው። ቀንህን አልፈልግም ማለት ጉልበትህ ለእኔ አይረባኝም ማለት ነው። ቸር ሆኜ የቆየሁ መስሎኝ ስንቱን ጉልበት የለህም ብዬዋለሁ። ትንሽ አሰብኩና እንዲህ አልኩ፤ «ፊልሙን በብር ትከፍሉኛላችሁ። ድካሜን በቀን። አንድ ቀን ከሠራሁላችሁ አንድ ቀን ትሠሩልኛላችሁ። ያላማራችሁን አስደግማችሁ ትወስዳላችሁ።»

«ምን ሥራ አለሽ?»

«የኋላ ግድግዳዬ ተሰነጣጥቋል።»

«አሁን ሰው ሆንሽ!» አሉና ወዲያው ዓይናቸውን አጥብበው፣ «የፊልሙ ሒሳብ ግን በዝቷል» አሉኝ።

«እማማ የሺ!»

«ምነው? አሁን እኮ መብቴ ነው።»

የተስማማንበት ቀን ሲደርስ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው መጡ። አፈሩን በጤፍ ጭድ አቡክተው በእግራቸው ረገጡት። ከሻይ ቤቱም ከልብስ ሰፊውም ሰው ወጥቶ ያያል። አንዷ በእማማ የሺ ስም ጭቃውን እየረገጠች ገጠመችብኝ፤

ዓይኔ ተጨፍኖ ነው ፎቶዬ የወጣው፣
ቤትሽን ልምረገው አንድ ቀን ቢያወጣው።

መንገደኛው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ጭቃው እስኪደርቅ ቀናት ጠበቅሁና ጨለማ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እጄን ዓይኔ ፊት አወዛወዝኩት፤ አላየሁትም። ሰው እጁን ማየት አቅቶት እንደዚያ ደስ ሊለው እንደሚችል ለሌላ ሙያ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። የቤቱ ባለቤትም የተመረገውን ግድግዳ አይቶ፣ መጥተው የሚነሱትንም አይቶ፣ የእህል ነጋዴውን ነገር ሳያነሳ ቀረ። ኪራዩን ትንሽ ጨመረብኝ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ዋጋዬ በቢቸና ታወቀ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ጥቂት አጉረመረመ፤ «ከእግዚአብሔር ቤት ቀን ትቆጥሪያለሽ?» ያሉኝም ነበሩ። በመጨረሻ ግን አናጢያቸውን ልከው ደንበኛ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ሠሩልኝ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች የፍሳሽ ጉድጓዴን አስቆፈሩልኝ፤ መምህራኑ ፊተኛውን ክፍል በኖራ ቀቡልኝ። ቀን መስጠት የማይችል ሲመጣ ደግሞ የከተማውን ግንበኛ የቀን ዋጋ ይከፍለኛል። ከግንበኛ ለምን አሳነስሽው ያለኝ የለም፤ ለምን አስበለጥሽው ያለኝም የለም። ያ ፎቶ ቤት አሁን የለም። ባለፈው በዚያ ሳልፍ በቦታው የሞባይል መሸጫ ቆሟል፤ መስተዋት ነው፤ ከሙዚቃው ጩኸት የተነሣ የገባ ሰው ከሻጩ ጋር በምልክት ነው የሚነጋገረው። ሞጣ ከመጣሁ በኋላ ፊልሙም ቀረ፤ ካሜራው በካርድ ሆነ፤ እኔም ሰርግና ክርስትና ላይ ብቻ ስለምሠራ ያንን ዋጋ የሚጠይቀኝ ሳይኖር ብዙ ዘመን አለፈ።

አሁን ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ደሳለኝም ፎቶ አንሺ ነው። ባለ ትዳር ነው፤ ልጆችም አሉት። የባሕር ዳር ሚኒባሶች ከሚቆሙበት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቷል፤ ካሜራውን የገዛው እቁብ ሲደርሰው ነው። ሰርግ ሲኖር ይተርፈዋል። ጾም ሲገባ ግን የሚመጡበት ማኅበራት፣ ክለቦችና ድርጅቶች ናቸው፤ በረከቱም ስሙ ተቀይሮ «በገጻችን ላይ ስምህን ጠቅሰን እናመሰግንሃለን» ሆኗል። የቤት ሥራው የተሰጠን ዕለት ከክፍል ስንወጣ፣ «እትዬ እንጉዳይ፣ እኔ ይህን የቤት ሥራ ምን ብዬ ልሥራው? ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ዋጋ ተናግሬ አላውቅም» አለኝ። ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን መልሶ በአጎቱ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሊሆን መወሰኑንም ነገረኝ። ሲነግረኝ ካሜራውን በእጁ እያሻሸ ነበር።

የቤት ሥራዬን ሁለቴ ገልብጬ አቀረብኩ። መምህራችን ያስተማረን ብዙ ጠቅሞኛል፤ ያኔ ፊልሙን ብቻ ነበር የምቆጥረው። ካሜራ እንደሚያረጅ፣ መብራት፣ መንገድና ባትሪ ወጪ እንደሆኑ ከእሱ ነው የተማርኩት። እነሱን ሁሉ «ፊልሙ» በሚለው ሥር አስገባኋቸው። መምህራችን ለክፍሉ ካነበበው በኋላ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ዛሬ ይሠራል?» ሲል ጠየቀኝ። እንደ ተማሪ ተነሥቼ ቆምኩና፣ «እሞክረዋለሁ» አልኩት። ይህን ያልኩት መምህሬን ለማስደሰት ብቻ አልነበረም። እኔ በነጻ ከሠራሁ ደሳለኝን ማን ይከፍለዋል? እኔ ባረጅም ጎጆ አለኝ፤ የእሱ ልጆች ግን ምሳቸውን የሚበሉት ከዚያች ክፍል ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ከሚረዳ ድርጅት አቶ ሳሙኤል የሚባል ኃላፊ ቤቴ መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው።

«እናቴ፣ ስለ ሥራዎ ሁሉም ይመሰክራል» አለኝ። «ለፕሮጀክታችን ሪፖርት አረጋውያኑን በየቤታቸው እንዲያነሱልን ነው። በጀት የለንም እንጂ ምስጋናችን ከልብ ነው።»

«ለእርስዎ ደመወዝ በጀት አለ?»

ሳቀ። «እሱማ አለ።»

«መኪናው ነዳጅ ይሞላል?»

«ይሞላል።»

«እንግዲህ ፎቶውም እንደ ነዳጁ ነው። ኅትመቱ፣ መንገዱና የካሜራው ወጪ በብር። ድካሜን በቀን ይመልሱልኛል። የሚመልሱት ቀን ከሌለ በግንበኛ የቀን ዋጋ። ለእያንዳንዱ አረጋዊም ፎቶው ይድረሰው፤ ያላማረው ያስደግማል።»

«ቀን ማለት?» አለ ግራ ተጋብቶ። ወንፈልን አስረዳሁት። ጥሩ አድርጎ ሰማኝና፣ «ቅር አይበልዎት፤ ለድርጅት ይህን ማስረዳት ይከብደኛል። ከወጣቶቹም አንዱን ልጠይቅ» ብሎ ተሰናበተኝ።

ከወጣቶቹ ማንን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ስልኬን አነሣሁ፤ የደሳለኝን ስም አወጣሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ዋጋው ክፍል ውስጥ ሲነበብ ሰምቷል። ደውዬ ካስባልኩት የእኔ ዋጋ ነው፤ እኔ ስሞት አብሮኝ ይሞታል። የዚያን ቀን ግን ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ሁለቴ ግቢዬን ጠረግሁ።

በማግስቱ ደሳለኝ ክፍል የገባው ዘግይቶ ነው። መምህሩ ዞር ሲል፣ «መጣ እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«አይቀልዱ እንጂ! ሳሙኤል ነዋ።»

«ምን አልከው?»

«መጀመሪያ ‹እሺ› ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የልጄ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሱን አየሁና ወጪውን በብር፣ ድካሜን በግንበኛ የቀን ዋጋ አልኩት። ‹ተማክራችኋል!› አለኝ።»

«አንተስ?»

«‹አዎ፣ አንድ ክፍል ነው የምንማረው› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሄደ።» ደሳለኝ ደብተሩን አወጣ። «እትዬ፣ ሥራውን አጣሁት መሰለኝ።»

«ብታጣውም አልተሸነፍክም» አልኩት፤ ራሴ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

አቶ ሳሙኤል ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ፤ ሁለታችንንም አስጠራን። አለቆቹ ወጪውን ፈቅደውለታል። «የሥራው ብዛት ለአንድ ሰው አይሆንም፤ ሁለታችሁም ሥሩት። ለደሳለኝ የቀን ዋጋውን እንከፍላለን» አለን። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «የእርስዎን ቀን እኔው ልመልስ፤ ኮምፒውተር እንዳስቸገረዎት ሰምቻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላስተምርዎት» አለኝ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እውነት ግን ነው፤ ያ ትምህርት ብቻ ነበር የሚያስፈራኝ። እሺ አልኩት።

ከደሳለኝ ጋር አረጋውያኑን በየደጃቸው እየዞርን ስናነሳ ሰነበትን። እሱ ብርሃን ሲመርጥ አየዋለሁ፤ ከእኔ ይሻላል። የመጨረሻው ቀን፣ ሥራችንን ጨርሰን በኳስ ሜዳው በኩል ስንመለስ፣ የእግር ኳስ ክለቡ ኮሚቴ የሆነ ሰው ከማዶ ተጣራ።

«ደሳለኝ! እሑድ የዋንጫ ጨዋታ አለን። እንግዲህ ለከተማችን ልጆች ነው፤ ብቅ ብለህ ታነሳልናለህ።»

ደሳለኝ ቆመ። እኔም ቆምኩ፤ አፌንም ዘጋሁ።

«እመጣለሁ» አለ። «ኅትመቱ በብር ነው። ድካሜ በቀን፤ ቀን ከሌላችሁ በግንበኛ ሒሳብ።»

«ደሞ ይሄን ማን አመጣው?» አለ ሰውየው፣ እኔን እያየ።

«የእኔ ዋጋ ነው» አለ ደሳለኝ። ዞሮ እንኳ አላየኝም።